የእሳት አጥፊ ልብና ወገብ

እሳት በተነሣ ጊዜ ሰው ሁሉ ከሚቃጠለው ቤት ሲሸሽ፣ ወደሚቃጠለው ቤት የሚገባ አንድ ሰው አለ፤ ይኸውም እሳት አጥፊው ነው። ይህ ሰው በሥራው ላይ ሳለ ሞተ የሚል ወሬ በሰማን ጊዜ፣ ወይ ነበልባል በልቶት፣ ወይ ጭስ አፍኖት፣ ወይም ጣራ ተንዶበት ይሆናል ብለን መገመታችን የተለመደ ነው። እኔም በአሜሪካ አገር የጤና አጠባበቅ ትምህርት በምከታተልበት ጊዜ ከዚህ የተለየ አሳብ አልነበረኝም።

አንድ ቀን መምህራችን ተማሪዎቹን ይዞ የአንዲት ከተማ የእሳት አደጋ መከላከያ ጣቢያ ሊያስጐበኘን ሄደ። ቀያዮቹን መኪናዎች፣ ረዣዥሙን መሰላልና የተጠቀለለውን የውሃ ጎማ ካየን በኋላ፣ «እነዚህን ሰዎች በሥራቸው ላይ ከሁሉ ይልቅ የሚገድላቸው ምን ይመስላችኋል?» ሲል ጠየቀን። ሁላችንም በአንድ ቃል «እሳቱ ነዋ!» አልን። እርሱ ግን ምንም ሳይናገር ቀኝ እጁን አንሥቶ በገዛ ደረቱ ላይ፣ በልቡ ትክክል አኖረው። በአጠገባችን ቆመው ከሚሰሙት እሳት አጥፊዎች አንዱ፣ ጠጕሩ የሸበተ ሰው፣ ፈገግ ብሎ «ወገቤንም አትርሳብኝ» አለው።

ይህ ጽሑፍ የእነዚያ የሁለቱ ሰዎች መልስ ማብራሪያ ነው። ነገሩ የሩቅ አገር እሳት አጥፊዎችን የሚመለከት ቢመስልም፣ መሠረቱ የሰው ገላ ስለ ሆነ፣ ለመምህሩም፣ ለነጋዴውም፣ ለጽሕፈት ቤት ሠራተኛውም የሚጠቅም ትምህርት ይገኝበታል።

መዝገቡ የሚመሰክረው

በአሜሪካ የሚገኙ ሊቃውንት የእሳት አጥፊዎችን አሟሟት ለብዙ ዓመታት ሲመረምሩ ቈይተዋል። ከእነዚህም መካከል የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲው ዶክቶር ስቴፋኖስ ኬልስና ባልደረቦቻቸው፣ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ከ1994 እስከ 2004 ዓ.ም. ድረስ በሥራ ላይ የሞቱትን የአሜሪካን እሳት አጥፊዎች መዝገብ መርምረው፣ ውጤቱን በ2007 ዓ.ም. ዘ ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲሲን በተባለው የሕክምና መጽሔት አውጥተዋል። በሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ዓ.ም. በኒው ዮርክ በደረሰው አደጋ የሞቱት ሳይቈጠሩ፣ በእነዚያ ዓመታት 1,144 እሳት አጥፊዎች በሥራ ላይ ሞተዋል። ከእነዚህም ውስጥ 449ኙ፣ ማለት ከመቶው 39ኙ፣ የሞቱት ልብን በሚመግቡት የደም ሥሮች ሕመም ምክንያት ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው ሞቱ የደረሰበት ሰዓት ነው። እሳት አጥፊ ቀኑን ሙሉ እሳት ሲያጠፋ የሚውል አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ መሣሪያ ሲያጸዳ፣ ልምምድ ሲያደርግ፣ ሕንፃ ሲመረምርና ጥሪ ሲጠብቅ ይውላል። ከእሳት ጋር ፊት ለፊት የሚታገልበት ጊዜ ከመላው የሥራ ጊዜው ከ1 እስከ 5 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ሆኖም ከላይ ከተጠቀሱት የልብ ሞቶች ውስጥ 32 በመቶው የደረሰው በዚህች አጭር ጊዜ ነው። ወደ አደጋው በሚጣደፉበት ጊዜ 13 በመቶው፣ ከአደጋው በሚመለሱበት ጊዜ ደግሞ 17 በመቶው ደርሷል። ሊቃውንቱ ይህን ሁሉ አመዛዝነው ሲያሰሉት፣ እሳት በማጥፋት ላይ ሳሉ በልብ ሕመም የመሞት አደጋ፣ በጣቢያው ውስጥ ተራ ሥራ ሲሠሩ ካለው ከ10 እስከ 100 ጊዜ ያህል የሚበልጥ ሆኖ አገኙት።

የአሜሪካም መንግሥት ይህን ነገር በሕግ ተቀብሎታል። በዲሴምበር 2003 ዓ.ም. በወጣው ሕግ መሠረት፣ አንድ እሳት አጥፊ ከባድ የአደጋ ሥራ ወይም ልምምድ ከሠራ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ በልብ ሕመም ቢሞት፣ ተቃራኒ ማስረጃ እስካልቀረበ ድረስ በሥራው ምክንያት እንደ ሞተ ይቈጠራል፤ ለቤተሰቡም መተዳደሪያ ይሰጠዋል። ከዚያ በፊት እሳቱን አጥፍቶ፣ ወደ ጣቢያው ተመልሶ፣ ቡናውን ይዞ እንደ ተቀመጠ ለሚወድቀው ሰው፣ እሳቱ እንደ ገደለው ማስረዳት ለባልቴቲቱ ቀላል ነገር አልነበረም።

ደወሉ ሲደወል በልብ ላይ የሚሆነው

ለመሆኑ እሳት ያልነካውን ልብ እሳት እንዴት ይገድለዋል? ይህን ለመረዳት እሳት አጥፊውን ደወሉ ከሚደወልበት ደቂቃ ጀምረን እንከተለው።

ሰውየው በሌሊት ተኝቷል። ልቡ በደቂቃ 60 ወይም 70 ጊዜ በዝግታ ይመታል። ደወሉ ድንገት ሲጮኽ፣ ገና ከአልጋው ሳይወርድ አድሬናሊን የሚባለው ቅመም በደሙ ውስጥ ይረጫል፤ የልቡ ምት ይፈጥናል፤ የደሙም ግፊት ይጨምራል። ከዚያም የመከላከያ ልብሱን ይለብሳል፤ የሚተነፍስበትን የአየር ሲሊንደር በጀርባው ያዝላል። ይህ ሁሉ በአንድነት ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ይህን እንደ ተሸከመ ደረጃ ይወጣል፣ ውሃ የሞላውን ጎማ ይጐትታል፣ በር ይሰብራል፣ ራሱን የሳተ ሰው ይሸከማል። በዚህ ጊዜ የልቡ ምት በዕድሜው ልክ ሊደርስ ወደሚችለው ከፍተኛ ቍጥር ይቀርባል።

ሁለተኛው ፈተና ሙቀት ነው። ልብሱ የውጭውን እሳት እንደሚከለክል ሁሉ፣ የገላንም ሙቀት እንዳይወጣ ይከለክላል። ላብ ገላን የሚያቀዘቅዘው በአየር ሲተን ነው፤ በወፍራም ልብስ ውስጥ የታፈነ ላብ ግን ይፈስሳል እንጂ ገላን አያቀዘቅዝም። ስለዚህ ገላ ሙቀቱን ለማውጣት ብዙ ደም ወደ ቆዳ ይልካል፤ ጡንቻዎችም በበኩላቸው ደም ይፈልጋሉ። በላብ ምክንያት የደሙ ውሃ ሲቀንስ ደግሞ፣ ልብ በአንድ ምት የሚረጨው ደም ያንሳል። የጐደለውንም ለመሙላት ይበልጥ መፍጠን ግድ ይሆንበታል። ውሃዋ በጐደለ ጕድጓድ ላይ ሁለት ሰፈር እንዲቀዳ ቢታዘዝ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

ሦስተኛው ፈተና ጭስ ነው። በጭስ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ቀለምም ሽታም የሌለው መርዘኛ አየር አለ። ይህ መርዝ ኦክሲጅንን በሚሸከመው የደም ክፍል ላይ ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። ስለዚህ ልብ አብዝቶ ኦክሲጅን በሚሻበት በዚያው ሰዓት፣ የሚደርሰው ደም ኦክሲጅን የጐደለበት ይሆናል። ብዙዎች ነበልባሉ ጠፍቶ ፍሙን በሚያጣሩበት ጊዜ አደጋው ያለፈ መስሏቸው የአየር ጭምብላቸውን ያወልቃሉ፤ መርዙ ግን ከፍሙና ከትርኪ ምርኪው ውስጥ ገና እየወጣ ነው።

አራተኛው ፈተና የደም መርጋት ነው። ገላ እንዲህ ባለ ጭንቅና ድካም ላይ ሲሆን፣ ደም በቀላሉ እንዲረጋ የሚያደርጉት ደቃቅ ክፍሎች ይነቃቃሉ። ይህ ለቈሰለ ሰው መልካም ጥበቃ ነው። ነገር ግን ልብን የሚመግቡት የደም ሥሮች በውስጣቸው የስብ ደለል የተጠራቀመባቸው እንደ ሆነ፣ በግፊቱ ብርታት ደለሉ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁም ላይ ደም ይረጋና መንገዱን ይዘጋዋል። ከዚያ ወዲያ ያለው የልብ ሥጋ ምግብና አየር አጥቶ መሞት ይጀምራል። የልብ ድካም ድንገት ያዘው የምንለው ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

ልብ ይበሉ! ከእነዚህ አራት ፈተናዎች አንዱም ብቻውን ጤናማ ልብን በቀላሉ አይጥልም። በልብ ምክንያት የሞቱት እሳት አጥፊዎች ሬሳ በተመረመረ ጊዜ፣ ከአብዛኞቹ ዘንድ ቀድሞ የጠበበ የደም ሥር ወይም ያለ ልክ የገዘፈ ልብ ተገኝቷል። ይህም ማለት ሕመሙ በትንባሆ፣ በደም ግፊት፣ በስኳር ሕመም፣ በውፍረትና በመቀመጥ ብዛት ለዓመታት በዝምታ ሲዘጋጅ ቈይቶ ነበር ማለት ነው። እሳቱ በዚያች ሌሊት ያደረገው፣ የተዘጋጀውን ማገዶ መለኰስ ብቻ ነው።

ወገብ፣ ጕልበትና ትከሻ

አሁን ደግሞ ወደ ሽበታሙ ሰው ቃል እንመለስ። ልብ እሳት አጥፊውን የሚገድለው ዋና ነገር ሲሆን፣ ከሥራው የሚያስቀረው ዋና ነገር ግን የጡንቻ፣ የጅማትና የመገጣጠሚያ ጕዳት ነው። በ2019 ዓ.ም. ብቻ በአሜሪካ ከ60 ሺህ በላይ እሳት አጥፊዎች በሥራ ላይ እንደ ተጐዱ ተገምቷል፤ በየዓመቱም በሚወጣው መዝገብ ከጕዳቶቹ ሁሉ ፊተኛውን ስፍራ የሚይዘው ቃጠሎ ሳይሆን የጡንቻና የጅማት መሳብና መዞር ነው። ዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች ሁለት ናቸው፤ አንዱ ከዐቅም በላይ መሥራት፣ ሁለተኛው መንሸራተትና መውደቅ።

ወገብ የሚጐዳው ብዙውን ጊዜ ሸክሙ ስለ ከበደ ብቻ አይደለም፤ ሸክሙ ከገላ ስለ ራቀም ነው። አንድን ዕቃ ክንድን ዘርግቶ ማንሣት፣ ያንኑ ዕቃ ወደ ደረት አስጠግቶ ከማንሣት ይልቅ በወገብ ላይ ብዙ እጥፍ ያከብዳል። ውሃ የምትቀዳ ሴት እንስራዋን በጀርባዋ ላይ አጥብቃ የምታዝለው ይህን በልምድ ስለምታውቅ ነው። ጐንበስ ብለው እንደ ቆሙ ወገብን ጠምዝዞ ማንሣት ከሁሉ የከፋ ነው፤ ምክንያቱም በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ መሳይ ክፍል በአንድ ወገን ተጨምቆ ሊተረተር ይችላል። እሳት አጥፊ ግን ዕቃውን ለመምረጥ ጊዜ የለውም። የወደቀ ሰው በጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ በጭስ መካከል፣ በአንድ ጕልበት ተንበርክኮ ሊያነሣው ይገደዳል።

ደግሞም በአሜሪካ ለእሳት አደጋ መከላከያ ክፍሎች ከሚደርሰው ጥሪ ከግማሽ የሚበልጠው የሕክምና ርዳታ ጥሪ ነው። ስለዚህ ብዙ ወገቦች የሚጐዱት በነበልባል ፊት ሳይሆን፣ በሽተኛ በቃሬዛ ይዞ ጠባብ ደረጃ በመውረድ ነው። ጕልበትና ቍርጭምጭሚትም የሚጐዱት ሸክም እንደ ያዙ ከመኪና በመዝለል፣ በውሃና በበረዶ በራሰ መሬት ላይ በመሮጥ ነው።

ልብና ወገብ ለምን አንድ ነገር ይሆናሉ

አንዳንድ ሰዎች የልብ ነገር የሐኪም፣ የወገብ ነገር የወጌሻ ነው ብለው ለያይተው ያዩታል። በእውነቱ ግን ሁለቱ እየተመጋገቡ የሚሄዱ ናቸው። ልቡ ያልሠለጠነ ሰው ቶሎ ይደክማል፤ የደከመ ሰው አነሣሡ ይበላሻል፤ እግሩም ይስታል፤ ወገቡ ወይም ጕልበቱ ይጐዳል። ጕልበቱ የተጐዳ ሰው ደግሞ ለወራት ይቀመጣል፤ ሲቀመጥ ይወፍራል፤ የደሙ ግፊት ይጨምራል፤ ልቡም ይሰንፋል። ድኖ ወደ ሥራው በሚመለስበት ቀን ጕልበቱ ቢጠገንም፣ ልቡ ከቀድሞው የባሰ ሆኖ ይመለሳል። የሚቀጥለው ደወል የሚያገኘው ይህን ልብ ነው።

ይህ ከታወቀ ወዲህ የእሳት አጥፊዎች ማኅበርና የአለቆቻቸው ማኅበር በ1997 ዓ.ም. ተስማምተው የጤናና የገላ ማጐልመሻ መርሐ ግብር አውጥተዋል። የመርሐ ግብሩና የዘርፉ ልምድ ዋና ዋና ምክሮች የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ፤ እሳት አጥፊ ሥራ ሲጀምርና ከዚያም በየዓመቱ ይመረመር፤ የደም ግፊቱ፣ ስኳሩ፣ የደሙ ስብና ልቡ ይታይ።

2ኛ፤ የገላው ብርታት ይለካ። ለብዙ ዓመታት መለኪያ ሆኖ ያገለገለው፣ አንድ ሰው በዕረፍት ላይ ከሚያሻው ኦክሲጅን 12 እጥፍ እየተጠቀመ መሥራት መቻሉ ነው።

3ኛ፤ ልምምዱ በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ይደግ። ለረጅም ጊዜ ተቀምጦ የኖረ ሰው በድንገት ከባድ ልምምድ ቢጀምር ራሱ ልምምዱ አደጋ ነው፤ በዶክቶር ኬልስ መዝገብም ከልብ ሞቶቹ ከመቶ 12 የሚሆኑት የደረሱት በልምምድ ላይ ነበር።

4ኛ፤ በአደጋው ስፍራ የዕረፍት ተራ ይኑር። የደከመው ሰው ልብሱን ገልጦ ይቀዝቅዝ፣ ውሃ ይጠጣ፣ የልቡ ምት ይታይ፤ ምቱ ሳይወርድ ወደ እሳቱ አይመለስ።

5ኛ፤ ትንባሆ ፈጽሞ ይቅር።

በዚህ ረገድ በ2019 ዓ.ም. የወጣ አንድ ጥናት ብዙዎችን አስገርሟል። ሊቃውንቱ በኢንዲያና ግዛት 1,104 ወንዶች እሳት አጥፊዎችን ለ10 ዓመት ተከታተሉ። በሥራው መጀመሪያ ላይ በእጅ ተደግፈው ከወለል እየተነሡ ከ40 ጊዜ በላይ ፑሽ አፕ መሥራት የቻሉት፣ 10 እንኳ መሙላት ካልቻሉት ይልቅ የልብና የደም ሥር ሕመም የደረሰባቸው በ96 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ይህ ማለት ግን ፑሽ አፕ የልብ መድኃኒት ነው ማለት አይደለም። መላው ገላው የበረታ ሰው ልቡም የበረታ ይሆናል፤ ይህም ያለ ብዙ መሣሪያ ሊታወቅ ይችላል ማለት ነው።

ለእኛስ?

አንባቢዎቻችን አብዛኞቹ እሳት አጥፊዎች አይደሉም። ነገር ግን ከአሜሪካ እሳት አጥፊዎች ሦስት እጅ ሁለቱ ያህሉ በበጎ ፈቃድ የሚሠሩ፣ መተዳደሪያቸው ሌላ የሆነ ሰዎች መሆናቸውን ማወቅ ይገባል። ከእነርሱም መካከል መምህርና ባለሱቅ አይታጣም። በእኛም ከተማ ቢሆን የጎረቤት ቤት ሲቃጠል፣ «እሳት! እሳት!» የሚል ጩኸት ሲሰማ፣ ከወንበሩ ተነሥቶ የማይሮጥ ማን ነው? ዓመቱን ሙሉ ተቀምጦ የኖረ፣ የደም ግፊቱን ለክቶ የማያውቅ የ50 ዓመት ጐልማሳ፣ በዚያች ሰዓት ባልዲ ይዞ ይሮጣል፤ ሣጥን ይሸከማል፤ ጭስ ውስጥ ይገባል። መልካም ሥራ ነው፤ ልቡ ግን ለዚህ አልተዘጋጀም።

ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው ከ40 ዓመት በኋላ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ የደም ግፊቱን ያስለካ። የላይኛው ቍጥር በተደጋጋሚ 140፣ ወይም የታችኛው 90 ሲደርስ ሐኪም ማማከር ግድ ነው፤ የደም ግፊት ብዙ ጊዜ አያምምምና አላመመኝም ማለት ማስረጃ አይሆንም። በሳምንት 150 ደቂቃ ያህል ፈጠን ብሎ መራመድ፣ ጨውን በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች ማድረግ፣ ትንባሆን መተው የድኻም የሀብታምም መድኃኒት ናቸው። ዕቃ ሲነሣ ጕልበትን አጥፎ፣ ዕቃውን ወደ ገላ አስጠግቶ፣ ወገብን ሳይጠመዝዙ በእግር ብርታት መነሣት ይገባል። ዕቃው ከከበደ ሰው መጥራት ነውር አይደለም።

መምህራንም ይህን ለተማሪዎቻቸው ቢያስተምሩ ለቤተሰቡ ሁሉ ይደርሳል፤ ደረቱን እንደ ድንጋይ የተጫነው፣ ሕመሙ ወደ ግራ ክንዱ ወይም ወደ መንጋጋው የሚሄድ፣ የሚያልበው፣ ትንፋሽ ያጠረው ሰው፣ «ትንሽ ልረፍና ይለቀኛል» ማለት የለበትም። ሥራውን አቁሞ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ቤት መወሰድ አለበት። በሴቶች ላይ ሕመሙ አንዳንድ ጊዜ እንደ ድካምና ማቅለሽለሽ ብቻ ሊገለጥ ይችላል። ሰውየው ወድቆ፣ ሲጠሩት ካልመለሰና በደኅና ካልተነፈሰ ደግሞ፣ ርዳታ እየተጠራ ሳለ አንድ ሰው ሁለት እጁን ደራርቦ በደረቱ መካከል በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል እያጐደጐደ ይጫነው፤ ርዳታ እስኪደርስም አያቋርጥ።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለቤት ብቻ አይደለም። ያ መምህራችን እጁን በደረቱ ላይ ባኖረ ጊዜ ሊያስተምረን የፈለገው ይህንኑ ነበር። የቤት እሳት ጩኸት አለው፣ ጭስ አለው፣ ጎረቤትም ያየዋል። በደም ሥር ውስጥ የሚዘጋጀው እሳት ግን ጭስ የለውም፤ አስቀድሞ የሚያየው የሐኪም መለኪያና ጠንቃቃ ባለቤቱ ብቻ ነው።